ባዶ ተራራ የለም

ከምዕራብ ካናዳ የሚለጠፈውን ፎቶ ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ሰማያዊ ሐይቅ፣ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከፊቱ አንድ ቀይ ታንኳ። ሰው የለም። ካለም ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ፣ ቢጫ ጃኬት የለበሰ አንድ ፍጡር ነው፤ ፊት የለውም፣ ስም የለውም። ከሥሩ «ጸጥታ» ወይም «ነፍሴ ያረፈችበት ቦታ» ምናምን የሚል ጽሑፍ አለ። ከዚያ ልብ፣ ልብ፣ እሳት፣ ልብ።

የምኖረው ካልጋሪ ነው። ካሜራ አንጠልጥዬ እነዚህን ተራሮች፣ ሜዳዎችና ከተሞች መዞር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል፤ ስለዚህ የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የምለው ደግሞ አጭር ነው፦ የባዶ ተራራ ፎቶ ውሸት ነው። ቆንጆ ውሸት ነው፣ ግን ውሸት ነው። የሚያናድደው ደግሞ ውሸቱ የኛ እንኳን አለመሆኑ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ሌሎች ለራሳቸው ጥቅም ብለው የፈጠሩትን ሥዕል፣ እኛ በገዛ ቤንዚናችንና በገዛ እንቅልፋችን በነጻ እናባዛላቸዋለን።

ሞሬይን ሐይቅን እንውሰድ። ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በአሥር ጫፎች ሥር የተኛ ሐይቅ ነው። በ1969 እና በ1979 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጡት የካናዳ የ20 ዶላር ኖቶች ጀርባቸው ላይ ይህ ሐይቅ ነበረባቸው፤ እስከ ዛሬ ከድንጋይ ክምሩ አናት የሚታየው ነገር «የሃያ ዶላሩ ዕይታ» ይባላል። ውሃው እንዲያ የሚያበራው ግግር በረዶው ዐለቱን እየፈጨ፣ እንደ ዱቄት ያላመው ብናኝ ውሃው ላይ ተንሳፎ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ይሄ እውነተኛ ተአምር ነው፤ ፊልተር አይፈልግም።

ግን ባንፍን በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘዋል። መኪናው ከመብዛቱ የተነሳ ከ2023 ጀምሮ ወደ ሞሬይን በግል መኪና መግባት ተከልክሎ ሰዉ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው። ሊነጋጋ ሲል ድንጋይ ክምሩ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ትራይፖድ ከትራይፖድ ተጠላልፎ፣ ክርን ከክርን ተጋፍቶ ነው ፎቶው የሚነሳው። እንግዲህ አስቡት፤ ተጋፍቶ ብቸኝነትን ማንሳት! ወረፋ ተሰልፎ «ማንም ያልደረሰበት ቦታ» ብሎ መለጠፍ!

«ታዲያስ? ፎቶ መምረጥ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ነው። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሳንነጋገር፣ ሳንመካከር፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ምርጫ የመረጥነው ለምንድን ነው? አውቶቡሱን፣ የመብራት ሽቦውን፣ ሕፃን ያዘለችውን እናት ከፎቶው ማውጣትን «ማጽዳት» ብለን የጠራነው ለምንድን ነው? ሰው ቆሻሻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

መልሱ ታሪክ አለው። የካናዳ ፓሲፊክ የባቡር ሐዲድ በ1885 ተጠናቀቀ። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ባቡር መንገደኛ ያስፈልገው ነበር፤ መንገደኛ ደግሞ የሚሄድበት ምክንያት ይፈልጋል። ኩባንያው ሠዓሊዎችንና ፎቶ አንሺዎችን እያሳፈረ ወደ ተራሮቹ ላከ፤ ከነሱ መካከል የሞንትሪያሉ የኖትማን ስቱዲዮ ሰዎች ነበሩበት። በዚያው በ1885 በባንፍ ፍል ውሃዎች ዙሪያ መሬት ተከለለ፣ በ1887 ፓርክ ሆነ፣ በ1888 የኩባንያው ትልቅ ሆቴል በሩን ከፈተ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ምድር ንጹሕ፣ ያልተነካ፣ እናንተን ብቻ ሲጠብቅ የኖረ ነው።

ያልተነካ? ስቶኒ ናኮዳዎች በዚያ ሸለቆ ሲያድኑ፣ መድኃኒት ሲለቅሙ፣ ሙታናቸውን ሲቀብሩ ኖረዋል። ፓርኩ ሲመጣ አደን ተከለከለ፤ እነሱም ከገዛ መንገዳቸው ተገፉ። በሰሜን በኩል ጃስፐር በ1907 ፓርክ ተብሎ ሲታወጅ፣ ሸለቆው ውስጥ ቤት ሠርተው፣ ፈረስ እያረቡና እያረሱ የሚኖሩ የሜቲስ ቤተሰቦች ነበሩ። በ1910 ገደማ እንዲለቁ ተደረገ። ከቤቶቻቸው የቀረው ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ለማየት የሚፈልግ ካለ።

ስለዚህ ባዶው ተራራ ባዶ ሆኖ አልተገኘም፤ ባዶ ተደረገ። ሰዉ መጀመሪያ ከመሬቱ ወጣ፣ ቀጥሎ ከፎቶው ወጣ። እኛ ዛሬ በስልካችን ጣታችንን እየጎተትን ሰው የምናጠፋው ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ይህን ለመረዳት አበሻ ሩቅ መሄድ የለበትም። ሰሜን ተራሮች ውስጥ የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 ከፓርኩ እንዲወጡ ተደርገዋል። ከዚያ በኋላ የተነሳውን አረንጓዴና ጭው ያለ ፎቶ አይታችሁ «እንዴት ያምራል!» ብላችሁ ከሆነ፣ ያማረው ምን እንደሆነ አንዴ ቆም ብላችሁ ጠይቁ።

ስሞቹን እዩ። በ1890ዎቹ ሳሙኤል አለን የተባለ አሜሪካዊ ተራራ ወጪ በሞሬይን ዙሪያ ያሉትን አሥር ጫፎች በስቶኒ ቋንቋ ከአንድ እስከ አሥር ቆጥሮ ሰየማቸው። ዛሬ ከአሥሩ ያንን ስም የያዙት ሦስት ናቸው፦ አራተኛው ቶንሳ፣ ዘጠነኛው ኔፕቱዋክ፣ አሥረኛው ዌንክቼምና። የቀሩት በሌላ ስም፣ አብዛኞቹም በፈረንጅ ወንዶች ስም ተተኩ። ቁጥር እንኳ፣ ተራ ቁጥር፣ ከተራራው ላይ ሊፋቅ እንደሚችል ያየሁት እዚህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመጨረሻው ችንካር ፎቶ ነው። ኖቬምበር 7 ቀን 1885፣ ክሬግላኪ በሚባል ቦታ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ የሐዲዱ የመጨረሻ ችንካር ሲመታ የተነሳ ነው። በካናዳ የትምህርት ቤት መጻሕፍት የታወቀ ፎቶ ነው። ባርኔጣ ያደረጉ ጺማም ሰዎች ታጭቀው ቆመዋል። ያንን የተራራ ሐዲድ ከዘረጉት ከ15,000 በላይ ቻይናውያን ሠራተኞች ግን አንድም አይታይበትም። በመቶዎች የሚቆጠሩት በፍንዳታ፣ በናዳና በበሽታ አልቀዋል። በዚያው ዓመት መንግሥት አዲስ በሚገባ እያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ የ50 ዶላር የራስ ግብር ጣለ፤ በ1903 ወደ 500 ዶላር አደረሰው፤ ከ1923 እስከ 1947 ደግሞ በሩን ጭራሽ ዘጋባቸው። ፎቶው አልዋሸም፤ የቆሙት በእርግጥ ቆመው ነበር። ማን ይቁም፣ ማን ከክፈፉ ውጭ ይቅር የሚለውን ግን የወሰነው ሰው ነው። ክፈፍ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ተጠያቂነት አለበት።

እሺ፣ ሌላ ዓይነት ፎቶ ነበር ወይ? ነበር። ሜሪ ሼፈር የምትባል ሴት በ1908 ማሊን ሐይቅ የደረሰችው «አግኝታው» አይደለም። ሳምሰን ቢቨር የተባለ የስቶኒ ሰው፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የሄደበትን መንገድ አስታውሶ በወረቀት ላይ ሥሎ ስለሰጣት ነው። ሳምሰንን፣ ሚስቱን ሊያን እና ትንሿን ልጃቸውን ፍራንሲስ ሉዊዝን ሜሪ አንስታቸዋለች። ሣር ላይ ተቀምጠው፣ በዚያ ዘመን ፎቶ ላይ ብዙ በማይታይ ሁኔታ ፈገግ ብለዋል። ስማቸውም ከፎቶው ጋር ተመዝግቦ ቀርቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬ አንድ ሰው «ይህች አያቴ ናት» ማለት የሚችለው ስም ስላለ ነው። «ጸጥታ» ተብሎ ቢጻፍበት ኖሮ ምን እናገኝ ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በነዚህ ተራሮች ከተነሱት ፎቶዎች ሁሉ ዛሬ የከበሩት የትኞቹ ይመስሏችኋል? ማንም ሼር የማያደርጋቸው የመሬት ቀያሾች ፎቶዎች ናቸው። ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የካናዳ ቀያሾች ከባድ ካሜራና የመስታወት ኔጋቲቭ ተሸክመው ጫፍ ለጫፍ እየወጡ፣ ካርታ ለመሥራት ዙሪያውን ያነሱ ነበር። ውበት አልፈለጉም። ጎህ እስኪቀድ አልጠበቁም። ብሪጅላንድ የተባለው ቀያሽ በ1915 በአንድ በጋ ብቻ ጃስፐርን ከ700 በላይ ፎቶ አነሳው፤ የት እንደቆመም መዘገበ።

ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ተመራማሪዎች እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ብሪጅላንድ በቆመበት ድንጋይ ላይ ቆሙና ደግመው አነሱ። ሥራው ዛሬ በቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ «የተራራ ቅርስ ፕሮጀክት» ተብሎ ቀጥሏል። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። በ1915ቱ ላይ ሸለቆው ሣር፣ ክፍት ሜዳ፣ እዚህም እዚያም የዛፍ ደሴት ነው። በኋለኛው ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ጫካ ሆኗል። «ተፈጥሮ እንዲህ ናት» ብለን የምናደንቀው ጥልቅ አረንጓዴ፣ በከፊል የሰው ሥራ ነው። ቀድሞ ሜዳውን በእሳት እየተቆጣጠሩ የሚጠብቁት ነባር ሕዝቦች ተባረሩ፤ ፓርኩም ለአሥርት ዓመታት የተነሳውን እሳት ሁሉ አጠፋ። ማገዶው ተከማቸ። ላዩ ላይ ጥድ የሚገድል ጥንዚዛ መጣ፣ ሙቀትና ድርቅ ተጨመረ። በጁላይ 2024 እሳቱ ጃስፐር ከተማ ገብቶ ከሕንፃዎቿ ሲሶ ያህሉን በላ።

ልብ በሉ። የነገሩን አካሄድ በዓይን ያሳየን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር «ውብ» ፎቶ አይደለም። እሱ አንድ ዓይነት ጫፍ፣ አንድ ዓይነት ነጸብራቅ፣ አንድ ዓይነት ጎህ ነው። ያሳየን፣ ቀንና ቦታ የተጻፈበት አሰልቺ ፎቶ ነው።

አሰልቺ ስል የአክስቴን ፎቶ ልጨምር። በ1990ዎቹ አትባስካ ግግር በረዶ ሥር ነጠላዋን እንደለበሰች ቆማ የተነሳችው ነው። ጣት ሌንሱን ጋርዶታል፣ ጠርዙ በርቷል፣ አጠገቧ ያለው ሰውዬ ግማሽ ፊቱ ተቆርጧል። ቤተሰቡ «የተበላሸችው ፎቶ» ይላታል። ግን በረዶው ከኋላዋ ይታያል፤ ቀኑ ጥግ ላይ በብርቱካናማ ቁጥር ታትሟል። ዛሬ በዚያ መንገድ ስትሄዱ በረዶው በየዘመኑ የት እንደነበር የሚያሳዩ ምልክቶች ተተክለዋል። እሷ ከቆመችበት በረዶው ጋ ለመድረስ አሁን ብዙ ድንጋይ መርገጥ ያስፈልጋል። የኔን ሃርድ ድራይቭ ሙሉ በዚያች አንድ ፎቶ እለውጣለሁ፤ ስቀልድ አይደለም።

ከተራራው ወርዳችሁ ወደ ፕሬይሪው ስትሄዱ ውሸቱ መልኩን ይቀይራል። እዚያ ፋሽኑ ፍርስራሽ ነው። የወደቀ የእርሻ ቤት፣ የዛገ ፎርድ፣ ብቻውን የቆመ የእንጨት የእህል ጎተራ፣ ከላዩ ጥቁር ደመና። መግለጫው «ጊዜ የረሳው» ይላል። ጊዜ ምንም አልረሳም! በ1930ዎቹ ምዕራብ ካናዳ ከ5,000 በላይ እንዲህ ያሉ በሐዲድ ዳር የቆሙ ጎተራዎች ነበሩት። ያለቁት በጊዜ ብዛት ሳይሆን በውሳኔ ነው። የእህል ማጓጓዣ ድጎማው በ1995 ተነሳ፤ ባቡሮቹ አነስተኛ መስመሮችን ዘጉ፤ ኩባንያዎቹ በየመንደሩ ከሚቆም የእንጨት ጎተራ ይልቅ ጥቂት ግዙፍ የኮንክሪት ማከማቻ መረጡ። ጎተራው ሲፈርስ መንደሩ ግብሩን አጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ሱቁ ተከተለ። ይህንን «ናፍቆት» ብሎ ማንሳት፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሬሳ ሳጥኑን ቀለም እንደማድነቅ ነው። ሰዎቹ ደግሞ አልጠፉም። ከፍርስራሹ አሥር ደቂቃ ነድታችሁ ብሩክስ ብትገቡ፣ የቄራ ፈረቃቸውን ጨርሰው የሚወጡ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ታያላችሁ። የዛሬው ፕሬይሪ እሱ ነው። ማን አነሳው?

ከተማውስ? ቫንኩቨር ውስጥ ሆጋንስ አሊ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸውን በ1918 ካቋቋሙት አንዷ ኖራ ሄንድሪክስ፣ የጊታሩ ንጉሥ የጂሚ ሄንድሪክስ አያት ናት። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተማው የድልድይ መንገድ ሲሠራ ሰፈሩን አፈረሰው። ስታን ዳግላስ የተባለው የቫንኩቨር አርቲስት በ2014 «ሆጋንስ አሊ» የሚለውን ሥራውን ሲሠራ ሄዶ ማንሳት አልቻለም፤ የሚነሳ ነገር አልቀረማ! በኮምፒውተር ሰፈሩን እንደገና መገንባት ነበረበት። በሌላ በኩል ፍሬድ ሄርዞግን እዩ። በ1950ዎቹ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ፣ በሥራ ሰዓቱ የሕክምና ፎቶ አንሺ፣ በትርፍ ሰዓቱ የፀጉር ቤቱን፣ የሱቅ ማስታወቂያውን፣ መንገድ ላይ የቆመውን ሰው በቀለም ፊልም ያነሳ ነበር። ለሃምሳ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በ2007 የቫንኩቨር አርት ጋለሪ ትልቅ ትርዒት ሲያዘጋጅለት ከተማው የገዛ ፊቱን አየ።

የኛ ሰው ካልጋሪ ፎረስት ሎን ውስጥ፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ምግብ ቤት ከፍቷል፤ ኤድመንተን 107ኛ አቬኑ ላይ በርበሬና ቡና ይሸጣል። ኪራይ ይጨምራል፣ ሕንፃ ይፈርሳል፣ ባለሱቁ ያረጃል። ነገ ልጆቻችን «እናንተ ስትመጡ እዚህ ምን ይመስል ነበር?» ሲሉን የምናሳያቸው የሞሬይን ሐይቅን ነው? ሠርገኛው ሁሉ በሐበሻ ልብስ ሁለት ሰዓት ነድቶ ባንፍ ሄዶ ይነሳል፤ የተጋቡበት አዳራሽ፣ ጠጁ የተጠመቀበት የእትዬ እገሌ ጋራዥ ግን አንድ ፎቶ የለውም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ላልተነሳ ሰፈርም ማንም አያለቅስም።

የሚነሳብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንደኛው «ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳነሳ ከርሜ ቅዳሜ ትንሽ ውበት ብፈልግ ምን አገባህ?» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ሂዱ፣ ዕረፉ፣ ተንፍሱ። የተራራ አየር የማንም አይደለም። እኔ የምከራከረው ከዕረፍታችሁ ጋር አይደለም፤ ከምታጠፉት ሰው ጋር ነው። ያ መጋዘን ለምን የዚህ አገር መልክዓ ምድር አይሆንም? ከካልጋሪ ዳር ያሉት ማለቂያ የሌላቸው መጋዘኖች፣ ከኋላቸው ሮኪዎቹ ሲታዩ፣ ከየትኛውም ሐይቅ ይልቅ የምንኖርበትን ዘመን ይናገራሉ። አንድ ጊዜ ሀይዌይ ዳር ያለ ማደያን፣ ከኋላው ተራራው እየታየ፣ ነዳጅ ከሚቀዳው ሲክ ሹፌር ጋር አንስቼ ለአንድ የፎቶ ክበብ ውድድር ሰጠሁ። ዳኛው «ተራራው ግሩም ነው፤ ማደያውን ቆርጠህ አውጣው» አለኝ። አልቆረጥኩም። ማደያው ነው ፎቶው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቦታውን ብንጽፍ ሰው ይጎርፍበታል፣ ይበላሻል» ነው። ይሄ ቁም ነገር አለው። እኔ ግን የጂፒኤስ ነጥብ ለጥፉ አላልኩም። «አልበርታ፣ ኦገስት 2025፣ ጭስ በሰማዩ ላይ፣ የማን ምድር እንደሆነ» ብሎ መጻፍ ቦታ አያበላሽም።

ሦስተኛው «ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው» የሚል ነው። በትክክል ነውር ነው። መፍትሔው ግን ሰውን መሸሽ ሳይሆን ማናገር ነው። «ጤና ይስጥልኝ፣ ፎቶ ላነሳዎት ነበር፤ ይፈቅዱልኛል?» ማለት ከጎህ በፊት ከመነሳት አይከብድም። ብዙዎቻችን ወደ ተራራ የምንሮጠው ተራራ እምቢ ስለማይል ይመስለኛል።

ካንሞር ላይ ሃ ሊንግ የሚባል ጫፍ አለ። ሃ ሊንግ የባቡር ኩባንያው ቻይናዊ ወጥ ቤት ነበር፤ በ1896 በ50 ዶላር ተወራርዶ ጫፉ ላይ ወጥቶ ወረደ። ተራራው ግን መቶ ዓመት ሙሉ የሚጠራው በስሙ ሳይሆን ለቻይናውያን በሚሰጥ የስድብ ስም ነበር፤ ስሙን ያገኘው በ1997 ነው። ዛሬ በየቀኑ ሰዉ ወጥቶ እዚያ ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ይነሳል። ከመግለጫዎቹ ስንቶቹ ላይ ስሙን እንዳየሁ ልንገራችሁ? በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ቀኑን ጻፉ። ስሙን ጻፉ፤ የሰዉንም የተራራውንም፣ የቀድሞውንም። አንድ ቦታ ምረጡ፤ አውቶቡስ ማቆሚያ ቢሆንም፣ የሠፈራችሁ እንጀራ መሸጫ ቢሆንም። በየዓመቱ እዚያው ቆማችሁ አንሱት። ስልክ ይጠፋል፣ አካውንት ይዘጋል፤ ስለዚህ እያተማችሁ ጀርባው ላይ በስክሪብቶ ጻፉበት። አውቶቡሱ ክፈፉ ውስጥ ከገባ ተዉት፤ እናንተ ራሳችሁ በሱ ነው የመጣችሁት።